እኩል ተኝተው እኩል ያልዳኑት

አንድ ግራፍ ካየሁት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኔቸር ኒውሮሳይንስ ላይ የወጣ፣ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከዴቪድ ሆልትዝማን ቤተ ሙከራ የመጣ ጥናት ነው። በየዜናው የተወራው የእንቅልፍ ክኒን የመርሳት በሽታን አይጥ ላይ ገታ ተብሎ ነው። እውነትም ሌምቦሬክሳንት የተባለው ይኸው ክኒን የተሰጣቸው ወንድ አይጦች ሂፖካምፐሳቸው፣ ማለትም ትዝታ የሚሠራበት የአንጎል ክፍል፣ መድኃኒቱን ካላገኙት ይልቅ ከ30 እስከ 40 በመቶ የበለጠ ተርፎ ተገኝቷል። ደስ የሚል ወሬ ነው። እኔን እረፍት የነሳኝ ግን ከእሱ ጎን የተቀመጠው ነው፤ ዞልፒደም የተባለ ሌላ የእንቅልፍ ክኒን የተሰጣቸው አይጦች።

እነሱም ተኝተዋል። ጥልቅ እንቅልፋቸው ሌምቦሬክሳንት ከወሰዱት ጋር በሚቀራረብ መጠን ጨምሯል። አንጎላቸው ግን ምንም መድኃኒት እንዳላገኙት ሁሉ ሟሸሸ።

እስከዚያ ድረስ ሁላችንም የምንደጋግመው ነገር አጭርና ለአፍ የሚመች ነበር፤ እንቅልፍ አንጎልን ያጥባል፣ እጥበቱ ሲጓደል ቆሻሻ ፕሮቲን ይጠራቀማል፣ ስለዚህ ያስተኛ ነገር ሁሉ ይጠቅማል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ቡድን መዳን ነበረበት። አልሆነም። እንግዲህ ወይ እንቅልፍ የምንለው ነገር አንድ አይደለም፣ ወይ ያዳናቸው እንቅልፉ አይደለም። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደግሞ ሙከራው እንዴት እንደሚሠራ ከሥሩ ማየት ግድ ይላል፤ ምክንያቱም በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ውጤት ከሚያበላሹት ነገሮች አብዛኞቹ ተራ የእጅ ሥራ ስህተቶች ናቸው።

አይጧ የታመመችው ምንድን ነው?

አይጥ በተፈጥሮዋ አልዛይመር አይዛትም። ስለዚህ በሽታው ይሠራላታል። ፒ301ኤስ የሚባሉት አይጦች የሰው ታው፣ ማለትም በታመመ አንጎል ውስጥ የሚቋጠረውን ፕሮቲን፣ እንዲያመርቱ ጂን የገባላቸው ናቸው፤ ያ ጂን ደግሞ 301ኛው ቦታ ላይ ፕሮሊን በሴሪን የተተካበት ነው። በሰፊው የሚሠራበት ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው ፒኤስ19 ነው። በዚህ ጥናት ላይ የዋሉት ከዚህም አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፤ የአይጧ የራሷ አፖኢ ጂን ወጥቶ በሰው አፖኢ4 ተተክቷል። አፖኢ4 በሰው ላይ የአልዛይመርን አደጋ ከሚያባብሱት ጂኖች ዋነኛው ነው።

በእነዚህ አይጦች ላይ ታው እየተቋጠረ የሚሄደው ከ6ኛው ወር ገደማ ጀምሮ ነው፤ 9ኛውን ወር ሲያልፉ ሂፖካምፐሱ በዓይን በሚታይ ደረጃ ይኮሰምናል። በጅራቷ ከፍ ሲያደርጓት ጤነኛዋ አይጥ የኋላ እግሮቿን ትበትናለች፤ የታመመችው ወደ ሆዷ ትሰበስባቸዋለች። በኋላ ጀርባዋ ይጎብጣል፣ የኋላ እግሯ ይልማል፣ ውኃው ጋ መድረስ ያቅታታል። ስለዚህ እርጥብ ምግብ ጎጆው ወለል ላይ ማስቀመጥ፣ በየሳምንቱ መመዘን የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተራበች አይጥ ትሟሽሻለች፣ እንቅልፏም ይዛባል፤ ይህን ሁሉ በታው ላይ ማላከክ ነው እንግዲህ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልብ ይባል። የፒ301ኤስ ለውጥ የተገኘው አልዛይመር ካለባቸው ሰዎች አይደለም፤ የፊተኛውን አንጎል ከሚያጠቃ ሌላ፣ በዘር ከሚተላለፍ የመርሳት በሽታ ነው። በአልዛይመር የታው ጂን ጤነኛ ነው፤ የሚበላሸው ፕሮቲኑ ነው። አይጧ የበሽታውን አንድ ክፍል ታሳያለች እንጂ በሽታውን ሙሉ አትታመምም። በአይጥ የታየን ነገር በሌላ አይጥ ማረጋገጥም እንደዚያው ነው፤ የአይጥ ምስክር ድንቢጥ።

ሰዓቱን የሚቆጥረው ማን ነው?

አይጥ የምትተኛው ቀን ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ መብራት 12 ሰዓት ይበራል፣ 12 ሰዓት ይጠፋል፤ ሰዓት የሚቆጠረውም መብራቱ ከበራበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ኢትዮጵያ ላደገ ሰው ይህ አቆጣጠር እንግዳ አይደለም። መብራቱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከበራ፣ አንድ ሰዓት ሲባል በእኛም አንድ ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት ሲባልም እኩለ ቀን ነው። የውጭ ባልደረቦቻችን በጣታቸው እየቆጠሩ ሲያሰሉት እኛ በቀላሉ የምናልፈው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

የመስጫ ሰዓቱ ግን በቀላሉ አይታለፍም። ኦሬክሲን አንጎልን ነቅቶ እንዲቆይ የሚያደርግ መልእክተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው የታወቀው። በአይጥ ከፍ የሚለው በጨለማው ጊዜ ነው፣ የምትሯሯጠውና የምትበላው ያኔ ስለሆነ። የኦሬክሲን ተቀባዮችን የሚዘጋውን ሌምቦሬክሳንት መብራት እንደበራ ብንሰጣት ለመዝጋት የሚበቃ ኦሬክሲን የለም፤ ቀድሞም ልትተኛ ነበርና ልዩነት አይታይም። መብራቱ ሊጠፋ ሲል ከሰጠናት ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ነገር ግን ያኔ እያስተኛናት ያለነው ልትበላና ልትንቀሳቀስ በሚገባት ሰዓት ነው፤ በሰው ብንተረጉመው ረፋድ ላይ ክኒን ሰጥቶ ማስተኛት ማለት ነው። ሁለቱም መንገድ ጉድለት አለው፤ የትኛው እንደተመረጠና ለምን እንደተመረጠ ያልጻፈን ጥናት በጥርጣሬ ነው የማነበው።

ክኒን ለ25 ግራም ፍጡር

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። በኪሎ 30 ሚሊግራም እንስጥ ብንል፣ 25 ግራም የምትመዝን አይጥ የሚደርሳት 0.75 ሚሊግራም ነው። በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ ልክ አብዛኛውን ጊዜ በኪሎ 10 ሚሊሊትር ስለሆነ 0.25 ሚሊሊትር ትወስዳለች ማለት ነው፤ ስለዚህ ውህዱ በአንድ ሚሊሊትር 3 ሚሊግራም እንዲይዝ ይዘጋጃል። በደንብ የማይሟሟ መድኃኒት ሲሆን በ0.5 በመቶ ሜቲልሴሉሎስ ውስጥ ይበተናል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው። ዱቄቱ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ጠርሙሱ በየመሃሉ ካልተናጠ የመጀመሪያዋ አይጥ ውኃ ትጠጣለች፣ የመጨረሻዋ እጥፍ ትወስዳለች። በኋላ ይህ የተፈጥሮ ልዩነት ተብሎ ይተነተናል።

የሚሰጠው ጫፉ ድብልብል በሆነ ባለ 20 ቁጥር የብረት ቱቦ ነው። የአንገቷ ቆዳ ተይዞ ራሷ ቀና ይላል፣ ቱቦው በአፏ ጎን ገብቶ በራሱ ክብደት ወደ ምግብ ቧንቧ እንዲወርድ ይተዋል። አይገፋም። ከከበደ የተሳሳተ መንገድ ነው፤ በግድ ከተገፋ መድኃኒቱ ሳንባ ይገባል። ጎባጣ ጀርባ ባላቸው ያረጁ አይጦች ላይ መንገዱ ስለሚታጠፍ ይህ በቀላሉ ይደርሳል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን አያያዙ ራሱ እንቅልፍ መንሳቱ ነው። ተይዛ ቱቦ የገባባት አይጥ የጭንቀት ሆርሞኗ ይንራል፣ ለሰዓት ያህል ትቅበዘበዛለች። የእንቅልፍ መድኃኒት እየሰጠን እንቅልፍ እየነሳን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት 5 ወይም 7 ቀን መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሰው እጅ ይሰጣቸዋል። ሰው ሲቀየር የመዓዛው ለውጥ ብቻውን ይረብሻቸዋል።

አሁን የአይጧን ልክ ወደ ሰው እንመልሰው። በተለመደው የአካል ስፋት ስሌት የአይጥ ልክ ለ12.3 ይካፈላል። 30 ለ12.3 ሲካፈል 2.4 ገደማ ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው ወደ 146 ሚሊግራም ይጠጋል። ፋርማሲ ያለው ሌምቦሬክሳንት ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሚሊግራም ነው። አይጥ መድኃኒትን ከሰው ፈጥና ስለምታጣራ ልዩነቱ የሚመስለውን ያህል አያስደነግጥም፤ ግን አይጥ ላይ የሠራው ነገር በእጃችን ባለው ክኒን ይሠራል ብሎ ለመዝለል ፈጽሞ አያደፋፍርም።

እንቅልፍን በብሎን መለካት

አይጧ ተኝታለች ለማለት ዓይኗን መክደኗ አይበቃም። አይሶፍሉሬን በሚባለው የሚሸተት ማደንዘዣ፣ በመጀመሪያ ከ3 እስከ 4 በመቶ፣ ከዚያ በ1.5 ገደማ ትያዛለች። ግማሽ ሚሊሜትር እንኳን በማይሞላው የራስ ቅሏ ላይ አራት ትንንሽ ብሎኖች ይታሰራሉ፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ማጅራቷ ጡንቻ ውስጥ ይገባሉ፤ ሁሉም በጥርስ ሐኪም ሲሚንቶ ይደፈናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ቅሉ በደንብ ሳይደርቅ የተለሰነ ሲሚንቶ በሁለተኛው ሳምንት ከነብሎኑ ይነሳል። ቢያንስ ከ7 እስከ 14 ቀን ማገገሚያ፣ ከዚያ ከገመዱ ጋር መላመጃ ጥቂት ቀናት ያስፈልጋል።

ብሎኖቹ የአንጎሏን፣ ሽቦዎቹ የጡንቻዋን የኤሌክትሪክ ምልክት ይቀርጻሉ፤ ቀረጻው በ4 ወይም በ10 ሰከንድ እየተቆራረጠ ይነበባል። ከ0.5 እስከ 4 ኸርዝ ያለው ዴልታ ማዕበል ገዝፎ ማጅራቱ ከላላ ጥልቅ እንቅልፍ ነው። ዴልታው ጠፍቶ ከ6 እስከ 9 ኸርዝ ያለው ቴታ ከመጣና ጡንቻው ፈጽሞ ከሞተ የሕልም እንቅልፍ ነው። ማዕበሉ ትንንሽ ሆኖ ጡንቻው ከሠራ ነቅታለች። አንባቢው የትኛዋ አይጥ ምን እንደወሰደች ማወቅ የለበትም።

ማንም ቶሎ የማያስበው ወጥመድ ደግሞ እዚሁ አለ። ብሎኑ በአንድ ዙር ከበዛ የአንጎሉን ሽፋን ይበሳል። ያኔ የአንጎል ጠባቂ የሆኑት ማይክሮግሊያ ሕዋሳት ቁስሉ ላይ ይረባረባሉ። የሌምቦሬክሳንት ጥናት ከለካቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ የእነዚሁ ሕዋሳት መቆጣት ነው። ብሎን የታሰረላትን አይጥ አንጎል ቆርጦ ማይክሮግሊያ መቁጠር ማለት የራስን ጉዳት መቁጠር ነው። ስለዚህ እንቅልፍ የሚለካባቸውና አንጎላቸው የሚመረመር አይጦች ቢለያዩ ይመረጣል። ወይም ያለ ቀዶ ጥገና፣ ከጎጆው ወለል በታች በተዘረጋ፣ የትንፋሿን ንዝረት በሚያነብ ምንጣፍ መለካት ይቻላል፤ እሱ ግን ጥልቁን እንቅልፍና የሕልሙን እንቅልፍ አጥርቶ አይለይም።

የዞልፒደም አይጦች

አሁን ወደ አሳሰበኝ ነገር ልመለስ። ዞልፒደም ጋባ የሚባለውን የአንጎል ማብረጃ ያጠናክራል፤ አንጎልን በጅምላ ያበርዳል። ሌምቦሬክሳንት ግን ማንንም አያበርድም፤ የሚቀሰቅሰውን ድምፅ ነው የሚዘጋው። ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱም ያስተኛሉ። በደቂቃ ቢቆጠርም ይቀራረባሉ። ልዩነቱ የት ነው?

የመጀመሪያ ግምቴ የእንቅልፉ ጥራት ነው የሚል ነበር። ይህን የሚደግፍ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ሴል በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ሌላ የአይጥ ጥናት፣ በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ኖርኤፒነፍሪን የተባለው የአንጎል ኬሚካል በዝግታ ከፍ ዝቅ እያለ የአንጎልን ፈሳሽ እንደሚገፋ፣ ዞልፒደም ደግሞ ይህን ውጣ ውረድ እንደሚያደክመው አሳይቷል። ማለትም አይጧ ተኝታለች፣ እጥበቱ ግን ደክሟል። ነገሩ ተፈታ ልል ስል አንድ ነገር ያዘኝ። ከዚያ ዓመት በፊት፣ በ2024፣ ከለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የወጣ ሥራ ጭራሽ በእንቅልፍና በማደንዘዣ ጊዜ ከአንጎል የሚወጣው ነገር ይቀንሳል ብሏል። ሊቃውንቱ ገና እየተከራከሩበት ባለ ነገር ላይ ቆሜ ግራፉን ልፈታ መሞከሬ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ከእንቅልፍ ያርቀናል። ያው የሌምቦሬክሳንት ጥናት መድኃኒት ሳይሰጥ፣ የኦሬክሲን ሁለተኛ ተቀባይ በጂን የጠፋባቸውን ጤነኛ አይጦችም ሞክሯል። የተበላሸ ታው በአንጎላቸው ሲዘራ ስርጭቱ አነሰ። እነሱም ከሌሎቹ ያነሰ ነቅተዋል፣ እውነት ነው። ቢሆንም ተቀባዩ ራሱ በነርቭ ሕዋሱ ውስጥ በሚያስነሳው ምልክት ታው ላይ ፎስፌት የሚያስለጥፍ ከሆነ (ለመቋጠር የሚቀናው ፎስፌት የበዛበት ታው ነው)፣ ተቀባዩን መዝጋት አይጧ ብትተኛም ባትተኛም ይጠቅማል። ያኔ እንቅልፉ የመድኃኒቱ ሥራ ሳይሆን ከሥራው ጋር አብሮ የሚመጣ ጥላ ይሆናል።

ሦስተኛውን ማንሳት ብዙዎች አይወዱም፤ ብርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሥራ ማደንዘዣ አይጥ ላይ ታውን በፎስፌት የሚያጨናንቀው በራሱ ሳይሆን ሰውነቷን ስለሚያቀዘቅዝ እንደሆነ አሳይቷል። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ፎስፌቱን የሚያነሳው ኢንዛይም ይደክማል። 25 ግራም ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ይጥላል፤ የቤተ ሙከራው ክፍል 20 ወይም 22 ዲግሪ ነው፣ አይጥ የሚመቻት ግን 30 ገደማ ነው። በጅምላ የሚያደነዝዝ መድኃኒት አይጧን ጎጆ ሳትሠራ፣ ሳትኮራመት ካስተኛት፣ ተኝታ ትበርዳለች። እንግዲህ ዞልፒደም ታውን ሳይቀንስ የቀረው እንቅልፉ ስለማይጠቅም ነው ወይስ የእንቅልፉን ጥቅም ብርዱ ስለበላው? የሙቀት መለኪያ ከቆዳ በታች ሳይቀበር ይህን መመለስ አይቻልም። በመጨረሻው ቀንም እንደዚያው ነው፤ አይጦቹ ሁሉ በአንድ ሰዓት፣ በማሞቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በአጭር ደቂቃ ተገድለው አንጎላቸው ካልወጣ፣ በኋላ ኤቲ8 በተባለው ፀረ እንግዳ አካል የሚቀባው ፎስፌት የያዘ ታው የጠረጴዛውን ብርድም አብሮ ያሳያል።

ሴቶቹስ?

ጥበቃው የታየው ወንዶቹ ላይ ብቻ ነው። በዚህ ዝርያ ሴቶቹ ቀድሞውንም የሚጎዱት በመጠኑ ስለሆነ፣ የሚድን ጉዳት ሳይኖር መዳንን መለካት ሊሆን ይችላል። ሰው ላይ ግን ከአልዛይመር ታማሚዎች ሴቶቹ ይበዛሉ። ፆታ በእንቅልፍ መድኃኒት ላይ ተራ ነገር አይደለም፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2013 የሴቶችን የዞልፒደም ልክ ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም ያወረደው ከሴቶች ደም ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ነው፤ መድኃኒቱ ገበያ ከዋለ ከሃያ ዓመት በኋላ።

ሰው ላይ እስካሁን ያለው ትንሽ ነው። የሌምቦሬክሳንት ዘመድ የሆነው ሱቮሬክሳንት በ285 የአልዛይመር ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ፣ ከአስመሳይ ክኒን በ28 ደቂቃ የበለጠ እንቅልፍ ጨምሯል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው። በ2023 ደግሞ ከ45 እስከ 65 ዓመት በሆኑ 38 ጤነኛ ሰዎች ላይ፣ 20 ሚሊግራም ሲሰጥ በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ያለው አሚሎይድ፣ በአልዛይመር አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመው ሌላው ፕሮቲን፣ ከ10 እስከ 20 በመቶ ወረደ። ሁለት ሌሊት ብቻ ነው የተሰጠው። ከዚህ ተነስቶ እናቱን ክኒን የሚያስጀምር ካለ ተው ነው የምለው። በተለይ ፋርማሲው እነዚህ ከሌሉት በምትኩ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ወይም ዳይፈንሃይድራሚን ከሆነ፣ ሁለቱም ለትዝታ የሚያስፈልገውን አሴቲልኮሊን ይዘጋሉ፤ በዕድሜ ለገፋ ሰው ግራ መጋባትን ይጨምራሉ።

ማየት የምፈልገው ሙከራ አንድ ነው። ሌምቦሬክሳንት ይሰጣቸው፣ ግን እንዳይተኙ ይደረጉ። ታው ከቀነሰ ያዳነው የተቀባዩ መዘጋት ነው፤ ካልቀነሰ እንቅልፉ ነው። በወረቀት ላይ ንጹሕ ይመስላል። ተግባሩ ግን አንድ ሰው ጎጆው አጠገብ ተቀምጦ፣ ዓይኗ ሊከደን ባለ ቁጥር ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጢሟ ጋ እያስጠጋ፣ ለስድስት ሰዓት አይጧን ነቅታ እንድትቆይ ማድረግ ነው፤ በየቀኑ፣ ለሳምንታት። ብሩሹ ደግሞ ጭንቀት ነው፣ ጭንቀትም ታውን ያባብሳል። ስለዚህ ብሩሹ ጢማቸው ጋ የሚደርስ፣ መድኃኒቱን ግን የማያገኝ ሌላ ቡድን ያስፈልጋል። ብሩሹን የሚይዘውም ሰው የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ የለበትም፤ ግን ሌምቦሬክሳንት የወሰደችው ቶሎ ቶሎ ስለምታንጎላጅ በሁለተኛው ሰዓት ያውቃታል።